ሦስት ለሁለት

ጥቅምት 3
የቢሮው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። ባልዲውን ከእግሬ ስር አድርጌ ስተይብ ዋልኩ። ስታዲየሙ ሊፈርስ ስድስት ሳምንት ቀረው፤ ከዚያ በፊት ታሪኩ በመጽሐፍ ይውጣ ተብሏል። ቃሉ የአለቃዬ፣ ጣቱ የእኔ። ገጽ አንድ፦ «በምረቃው ዕለት የብሔራዊ ቡድናችን ውጤት 3 ለ 2 ነበር።» ማታ ራት ላይ ለአባዬ ሳነብለት ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ሁለት ለሁለት ነው» አለ።

ጥቅምት 5
ዛሬ ነገረኝ። በዚህ ዕድሜዬ አሁን ነው የምሰማው?
አባዬ በስታዲየሙ የውጤት ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሰቃይ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከሰሌዳው ጀርባ መሰላል ላይ ይቆማል... ሜዳው አይታየውም። ሕዝቡ ሲጮህ ጎል ነው። በጩኸት ነው የሚሰቅለው። በምረቃው ቀን ሊያልቅ ሲል ሕዝቡ ጮኸ፤ ሦስትን ሰቀለ። ለካ የመስመር ዳኛው ባንዲራ አንስቷል። ጎሉ ተሽሯል።
«እስካወርደው ፎቶ አንሺው ቀደመኝ» አለ።
ያቺው ፎቶ ናት በየቢሮው የተሰቀለችው። የዚያን ጊዜውን መዝገብ መጋዘን ውስጥ ውሃ በላው። «አባ ሦስት» የሚሉትም ለዚህ ነው። «መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። በኋላ የሳቁት ራሳቸው አሸነፍን ማለት ጀመሩ።»
ልጅ ሆኜ በዚህ ስም እኮራ ነበር... እሱስ በተጠራ ቁጥር ምን ይሰማው ነበር?
«ከመሞቴ በፊት አስተካክይልኝ» አለኝ።

ጥቅምት 12
እንደምንም ደፍሬ ለአለቃዬ ነገርኩት።
«አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»
«ሰማንያ አንድ።»
«እግዜር ያኑርልሽ» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።
አባዬ በር ላይ ጠበቀኝ። «አስተካከልሽው?» ነገ አልኩት።

ጥቅምት 13
«አስተካከልሽው?»

ጥቅምት 20
ምን ነካኝ? ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል 3ን አጥፍቼ 2 አደረግኩት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው፣ በቃ። ለአባዬ ስነግረው ግንባሬን ሳመኝ። ራቱን ጨርሶ በላ፤ ስንት ጊዜው።

ጥቅምት 22
ተያዝኩ። አለቃዬ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሕዝብ ያሸነፈውን ጨዋታ አንቺ በጣትሽ ልትነጥቂው?» ከጀርባዬ ቆሞ መልሶ ሦስት አስደረገኝ። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፦ ከእንግዲህ አንዲት ነገር ብትደገም ከሥራ እሰናበታለሁ። ደብዳቤውንም የተየብኩት እኔው ነኝ። ሌላ ታይፒስት የለንማ።
አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው? አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 14
የስታዲየሙ የስንብት ዝግጅት። አባዬ ኮቱን አስተኩሶ መጣ። አለቃዬ ማይኩን አቀበለው፦ «አባ ሦስት ይመስክሩልን፤ ስንት ለስንት ነበር?»
አባዬ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ እኔን። በልቤ ተናገር አልኩ፤ እዚያው ደግሞ ተው አልኩ። የቱን እንደፈለግኩ አሁንም አላውቅም።
«ሦስት ለሁለት» አለ። «ልጄ በትክክል ጽፋዋለች።»
ሕዝቡ ጮኸ።

ኅዳር 15
ማፍረሱን ከሰሌዳው ጀመሩ። ቆርቆሮው ሲወድቅ ላለማየት የቢሮውን ዕቃ መጫን ሳግዝ ዋልኩ። ቤት ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ የበሩን ቁልፍ ስፈልግ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እጄ ላይ ወጣ። አንድ ቦታ ብቻ ነው የታጠፈው። እኔ አራት ቦታ ነበር ያጠፍኩት... አባዬ መነጽሩን ሲፈልግ ቦርሳዬን ይበረብራል። እንዴት ረሳሁት?
መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አልገለጠውም። በር ላይም አልጠበቀኝም።
«ምሳ በላሽ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።