እምነት ያሰመረችበት መጽሐፍ

ደሴ ለምትኖሪው ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ባየሁ ቁጥር አንቺ ትዝ ትይኛለሽ። ጋሽ አንዱዓለም ዓይናቸውን ታዩ ወይ? ፀገነትስ ደህና ናት? ልጇ ጥርስ አወጣ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ብርድ ነው፤ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጥቂት እጽፍና እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ትንሽ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፊው ብለሽ ስትጠይቂኝ አድበስብሼ አልፌሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ዮቪል ባለው ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ለእኛ ይለቁልናል። አሥር የምንሆን ኢትዮጵያውያን ተሰብስበን፣ ያነበብነውን ልብ ወለድ አንዳችን ለሌላው እንጠቁማለን። ልጄ እምነት በሕይወት ሳለች የምትሄደው እዚያ ነበር። ሰብሳቢዋ ራዚያ የምትባል የሐረር ሴት ናት። ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ስትወጣ፣ የእምነት ወንበር ባዶ እንዳይሆን አንቺ ነይ አለችኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው እዚያ ምን እሠራለሁ ብዬ ነበር። ቤት መዋሉም አላስቻለኝም፣ ሄድኩ።

እምነት የተወችው አንድ መጽሐፍ አለ። የራሷ ነው፣ ጄፒ በሚባለው ገበያ ካሉት የእኛ ነጋዴዎች የገዛችው። ስታነብ ለእኔ ልታነብልኝ የፈለገችውን ቦታ በእርሳስ ታሰምርበት ነበር፤ ከዚያ እራት ላይ ያሰመረችውን እየፈለገች ታነብልኛለች። ይህኛውን ግን ያነበበችው ሆስፒታል ተኝታ ነው። ሳሉ እያቋረጣት ልታነብልኝ አልቻለችም። ከቀብሯ በኋላ ስከፍተው ምልክቶቹ አሉ። አየሽ እታለም፣ ልትነግረኝ ፈልጋ ያልነገረችኝ ነገር ነው። ቶሎ እንዳያልቅብኝ በቀን አንድ ገጽ ብቻ አነብ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያነበብኩትን መልሼ።

እዚያ ደንብ አለን። መጽሐፍ የጠቆመ ሰው እዚያው በእጁ ያስረክባል። ድሮ እያሞካሹ፣ በሚቀጥለው አመጣለሁ እያሉ ይጠፉ ስለነበር ነው የወጣው። የተሰጠውም መጽሐፍ ሁሉም ጋ ሳይዞር ወደ ባለቤቱ አይመለስም። እኔ ሁለት ጊዜ ተራዬ ደርሶ እለፉኝ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ አፈርኩ። የእምነት መጽሐፍ ከቦርሳዬ አይለይምና አውጥቼ ተነሣሁ። አሰበ ተፈሪ ስልክ ቤት ስለምትሠራ ዩስራ ስለምትባል ሴት ነው አልኳቸው። አንድ ሰው የእህቱን ቤት ደብቆ ሊሸጥ ሲስማማ በመስመሩ ትሰማለች፤ እህትየዋ ደግሞ ጎረቤቷ ናት። ብትነግራት ከሥራ ትባረራለች፣ ባትነግራት ሴትየዋ ጎዳና ትወድቃለች። መጨረሻው ምንድን ነው አሉኝ። አልጨረስኩትም ስል ሳቁብኝ፤ ያልጨረሰውን መጽሐፍ የጠቆመ ሰው እስከዛሬ አላዩም። ከዚያ አንድ የተሰመረበት ቦታ አነበብኩላቸው፤ ሰዎች ስልክ ሲያወሩ ጫማ እንደጠበበው ሰው ይቁነጠነጣሉ የሚል። እኔን ነው፣ ታውቂኛለሽ። ያን ጊዜ ለእኔ ይሰጠኝ የሚል ስድስት እጅ ወጣ። እታለም፣ ደስ አለኝ። ልጄን ያመሰገኗት መሰለኝ።

ዕጣው ለሀቢሶ ወጣ። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ዳቬይተን ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ ጄፒ የሚመጣ ቀን ብቻ ነው እኛ ጋ ብቅ የሚለው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቴ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ይህ የልጄ ነው፣ አይሰጥም ማለት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይሉኝታ ያዘኝ። እንካ ልጄ አልኩና ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አትጠይቂኝ። ረቡዕ ደወልኩለት። በሆሳዕና ልጆች አማርኛ አንቱ ብዙም የለም፤ «ማዘር አታስቢ፣ ንጹሕ አድርጌ ነው የምመልስልሽ፣ ሰው ጫጭሮበት ነበር፣ እያጠፋሁ ነው የማነበው» አለኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሞነጫጨረ ይቀጣል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እሱ እኔን ከቅጣት ማዳኑ ነው።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ዳቬይተን ስደርስ፣ ሀቢሶ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ዳቦና የሞባይል ካርድ ይሸጣል። መጽሐፉ ካርቶን ላይ ተከፍቷል፣ ላጲሱ ላዩ ላይ ተቀምጧል። በሩን ከፍቶ አስገባኝ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠኝ። ወዲያው መጽሐፉ ላይ ያሰመረውን ሰው ማማት ጀመረ፤ ቁም ነገሩን ትቶ ተራ ተራውን ነው የሚያሰምረው አለኝ።

«ልጄ ናት» አልኩት።

ራሱን ይዞ መሬት ቁጭ አለ። ስንተኛ ገጽ ደርሰሃል ብዬ ስጠይቀው ዘጠና አራት አለኝ። እኔ መቶ ሁለት ላይ ነበርኩ። ያጠፋው ሁሉ እኔ ያነበብኩትን ነው፤ ከፊቴ ያለው አልተነካም። እሱ እርሳስ አመጣና የት የት እንደነበረ ንገሪኝ አለ። ነገርኩት። ሃያ ሦስት ቦታ በቃሌ ነገርኩት፣ አንድ ሁለቱን ተሳስቼም ይሆናል። ደንበኞቹ ከውጭ ማይ ፍሬንድ እያሉ ይጣራሉ፣ እሱ ቆዩ እያለ ያሰምራል። ሲጨርስ መጽሐፉን በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ ራዚያንም ራሴ አስረዳታለሁ አለ። በር ላይ ስደርስ ግን ጠራኝ።

«ማዘር፣ ዩስራ ነገረቻት?»

አላውቅም አልኩት። እንግዲያው ቶሎ አንብቢና ለወሩ መጨረሻ አምጪልኝ፣ እዚህ ፍርግርግ ውስጥ ሌላ የምጠብቀው ነገር የለኝም አለኝ። ሳላስበው እሺ አልኩ።

ያለ ዕረፍት የሰነበትኩት ለዚህ ነው። በቀን አንድ ገጽ ማለት ቀረ፤ ሰባትና ስምንት ማንበብ ሆነ። ሀቢሶ እየደወለ ነገረቻት ወይ ይለኛል። ምልክቱ እያነሰ ሲሄድ ፍርሃቱ ባሰብኝ። መጨረሻው ላይ ለእኔ የሚሆን ቃል ትታ ይሆናል ብዬ ነው። ስንብት ይሁን፣ አደራ ይሁን፣ ብቻ አንድ ነገር። የመጨረሻውን ትናንት አገኘሁት፤ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ነው። «ስልኩን ስታዳምጥ ወጡ አረረባት» ይላል። ይኸው ነው። እኔ ስልክ ይዤ ስንት ወጥ እንዳሳረርኩ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ትስቅብኝ ነበር። እኔም ሳቅኩ፣ ስስቅ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነሥቼ ቤቱን ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲያ አርባ ገጽ አንድም መስመር የለበትም። እዚያ ላይ አቁማ ይሁን፣ አንብባ ለእኔ የሚሆን አጥታ ይሁን አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን አንብቤ ጨረስኩት። ዩስራ ምን እንዳደረገች ለሀቢሶም ለአንቺም አልናገርም፤ የጠቆመ ሰው መጨረሻውን አያወራም። ነገ እሰጠዋለሁ። ላጲሱን አስቀድሜ እቀበለዋለሁ። ሲዞር ከርሞ መቼ እንደሚመለስልኝ አላውቅም። እጄ አልለቅ ቢል ራዚያ እንድታስለቅቀኝ ከወዲሁ ነግሬያታለሁ።

ጋሽ አንዱዓለምን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ፀገነትን እቅፍ አድርጊልኝ፤ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ። ለሙት ዓመቷ በሐምሌ ስትሰባሰቡ ብዙ አታልቅሱብኝ። አንቺ ደግሞ ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ።

እህትሽ ሰርክአዲስ
ዮቪል፣ ጆሃንስበርግ
ዓርብ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.