ሸሚዝህ ተተኩሷል

ወንድም ጋሼ፣

ከሐኪም ቤት ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ግባ። ስባሪውን ጠርጌያለሁ፤ ከሶፋው ስር ግን አይጠፋም።
ልጅህ ጎረቤት ናት። በልታለች።

"ቤት አይደለሽ እንዴ?"
መሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር አሸክሞ ወደ ቤት ከላከኝ ጀምሮ ከአፍህ የሚወጣው ይኸው ነው። ጋዝ ሲመጣ፣ ቤት አይደለሽ እንዴ። ልጅቷ ስታለቅስ፣ ቤት አይደለሽ እንዴ። በአንድ ጆሮዬ ደንበኛ ይሰድበኛል፣ በሌላው አንተ።

ዛሬም ስብሰባውን እየሰማሁ ያንተኑ ሸሚዝ ልተኩስ ካውያውን አንስቼ ነበር። ገና አልሰካሁትም፤ እግዜር ሲያወጣህ ነው። ትንሽ ብትታገስ ምን ነበረበት? ማዳመጫውን ከነጸጉሬ ነቅለህ "ሸሚዜስ?" ብለህ ጮህክብኝ። ያውልህ ሸሚዝህ ብዬ ካውያውን ግንባርህ ላይ አሳረፍኩት።
ስትወድቅ ምንም አልመሰለኝም። ደምህን በፎጣ ስይዝ ግን "ወንድም ጋሼ፣ ወንድም ጋሼ" እያልኩ ነበር።
እሱን ተወው።

ማይኩን የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። አልዘጋሁትም። የኔንም ጩኸት ያንተንም ጩኸት ቢሮው በሙሉ ሰምቷል። አለቃዬ ምን ያለችኝ ይመስልሃል?
"እባክሽ ማይክሽን ዝጊ፣ እየረበሽሽን ነው።"
ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር ያላተምኩት ያኔ ነው። የጠረግኩልህ ስባሪ የሱ ነው።

ፋሻህን ውሃ አታስነካው። ሸሚዝህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አንገትጌውን የነካው ደም ግን ባሸው ባሸው አልለቅ አለኝ።

ከመሥሪያ ቤት ከደወሉ፣
ቤት የለችም በላቸው።