ለቅሶ የማይደርሱን ዘመዶች

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አሥራ አንደኛው ገጽ ዛሬም አልወረደም። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ግማሹን ያሳየኛል፣ ይጠፋል። ጠዋት ሆቴሉ ሰገነት ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስቆም ዘበኛው ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። "ቅድመ አያቴን" አልኩት። ሳቀ። መንገዱ እየተዘጋ እንግዳ ከጠፋ ወራት ስለሆነው ከመቀበያው ጠረጴዛ ብነሣ የሚቆጣኝ የለም።

ቅድመ አያቴ፣ የአባባ አያት፣ መምህር ውቤ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ደብተራ፤ ከዚያ ከፈረንጅ ሚሲዮን ጋር ገጥመው በላስታ ተራራ ለተራራ ወንጌል ሲያስተምሩ ኖሩ። ልጆቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመለሱም የእሳቸው ነገር በቤታችን እንደ ክብር ነው የሚወራው። የሚሲዮኑ ወረቀት ውጭ አገር መዝገብ ቤት እንዳለ የነገረችኝ አንዲት የድሮ እንግዳዬ ናት። ለመዝገብ ቤቱ ሰዎች ጻፍኩላቸው፤ ፎቶ እያነሡ በኢሜይል ላኩልኝ። ሃያ ሦስት ገጽ።

አባባ ጉበታቸው አልቋል። ሐኪሙ "ቤታቸው ይሁኑ" ብሎ መልሷቸዋል። ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላስታ ሙጃ ያሉት ዘመዶቻችን ለምን ለቅሶ አይደርሱንም? አያቴ ሲሞቱ አልመጡም። እናቴ ስትሞት አልመጡም።

"አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ናቸው" ይላሉ። "ሰው ያለ ምክንያት ለሬሳ ጀርባውን አይሰጥም።"

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ዛሬ ቀንቶኛል። ስድስት ገጽ ወረደ! አብዛኛው የሚሲዮኑ አለቃ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነው። ስለ በቅሎ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም። መሀል ላይ ግን የአማርኛ ደብዳቤ አገኘሁ፤ የመምህር ውቤ እጅ ነው። ደህና ቁም ጽሕፈት። ሙጃ ላይ ስንት ቤት እንደገቡ፣ ማን ውሻ እንደለቀቀባቸው፣ ማን ቁጭ ብሎ እንደሰማቸው ይተርካሉ።

አባባን ደግፌ አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

"እጁ ያምራል?"

"ያምራል አባባ።"

"አስተማሪ ነዋ!"

ግማሽ ኩባያ አጥሚት ጠጡ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ምነው ባልወረደ ኖሮ።

የረሃብ ዓመት ደብዳቤ ነው። ሚሲዮኑ ለተራበ ሰው እንዲያድሉ እህል ሰጥቷቸው ነበር። ቃል በቃል ልገልብጠው፤

"ወንድሜ አስፋው ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ መጣ። ሌላው ሰው ቃሉን ተቀብሎ በላ። እርሱ ግን ያባቴን ሃይማኖት በገብስ አልለውጥም አለኝ። ለወንድሙ አደላ እንዳልባል ባዶ እጁን መለስኩት። ልጆቹ በላይ፣ ጥሩዬና ሙሉ ከነእናታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ሞተው ተገኙ። የጌታ ፈቃድ ይሁን።"

ፊደል የሳትኩ መስሎኝ ስልኩን አጉልቼ አየሁት። "መለስኩት" ነው የሚለው። ሌላ ንባብ የለውም።

አለቃው ግርጌው ላይ በእርሳስ ጽፏል። ሃይማኖታቸውን ጠይቅ ብሎ ማን አዘዘው? እህሉ ለሁሉም ነበር፣ ይላል። በፈረንጁ እንኳ እንዳላሳብብ።

"ዛሬስ?" አሉኝ አባባ ማታ። ኔትወርክ የለም አልኳቸው።

ብነግራቸው ሐዘኑ ይገድላቸዋል። ባልነግራቸው ተታልለው ይሞታሉ። ወንድሜን ላማክረው? አዲስ አበባ ሆኖ "ተይው" ነው የሚለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

አባባ ያዙኝ። "ስትዋሺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ጆሮሽን ትነኪያለሽ" አሉ። እጄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አነበብኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ልነሣ ስል፣

"አራተኛው ልጅስ?" አሉ።

እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። ደብዳቤው አራት ልጆች ብሎ የሦስቱን ሞት ነው የሚናገረው።

"የሙጃዎቹ ከእሱ የመጡ ናቸው" አሉ አባባ። "ነገ ሂጂ። እኔ ብችል በእግሬ እሄድ ነበር። ድንጋዩን አንቺ ተሸከሚልኝ።"

የበደለ ሰው በተበዳይ ደጅ የሚሸከመውን ድንጋይ ማለታቸው ነው። እሺ አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሙጃ ደርሼ ተመለስኩ። አንገቴን ማዞር አልችልም።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። የቤቱ ትልቅ እማማ የሺ ናቸው፤ የአስፋው የልጅ ልጅ፤ ሰማንያን ያለፉ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቼ አንገቴ ላይ አድርጌ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። ልጃቸው አቶ ሞላ ወጣ። ጎልማሳ ነው።

"ማን ነሽ?"

"የመምህር ውቤ ወገን ነኝ።"

ተመልሶ ገባ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም አላናገረኝም። ትከሻዬ ተቃጠለ። እማማ የሺ በምርኩዝ ሲወጡ ፀሐዩ አናቴ ላይ ደርሶ ነበር።

ደብዳቤው የሚለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የሞቱትን ልጆች ስም ስጠራ ከንፈራቸው አብሮኝ ተንቀሳቀሰ።

"ይህን ለማወቅ ከባሕር ማዶ ወረቀት አስመጣሽ?" አሉ። "እኛ ከጡት ጋር ጠብተነዋል። የተረፈው ልጅ የኔ አባት ነው። ሰው ከደጁ ሳይበላ ሲያልፍ ካየ ያለቅስ ነበር፤ ሸምግሎ እንኳ። እኛ አልረሳንም። የረሳችሁት እናንተ ናችሁ።"

"አባቴ ሊሞቱ ነው። ይቅር በሉን።"

በምርኩዛቸው ድንጋዩን ጠቆሙ።

"አውርጂው" አሉ።

አወረድኩት። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ ሸሹ። "ከበደሽ ብዬ ነው እንጂ ምሬሽ አይደለም።"

በሩ ተዘጋ።

እሑድ፣ የካቲት 15

አባባ የሆነውን ሁሉ ሰሙ። "እውነቷን ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። እህል ውሃ አልቀመሱም። ዓይናቸው ብጫ ሆኗል። የነፍስ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱላቸው፤ ሲወጡ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ፣ ግን ዓይኔን አላዩኝም።

ወንድሜ ደውሎ ጮኸብኝ። "አንድ ጊዜ ብትዋሺ ምን ነበረበት? በሰላም ይሞቱ ነበር!" ምናልባት ልክ ነው። ለአባባ ብዬ ነው የነገርኳቸው ወይስ ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ? አላውቅም። በእውነት አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 16

አቶ ሞላ ደወለ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅሁትም።

"አባትሽ አሉ?"

"አሉ፤ ግን ደክመዋል።"

"እናቴ ለለቅሶ አልሄድም ብለዋል። ሬሳ ጥያቄዬን አይመልስልኝም አሉ። በሕይወት ካለ ግን ነገ ፊቱን አየዋለሁ ብለዋል።"

ለአባባ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ።

"ጢሜን ላጪኝ።"

ላጨኋቸው። ምላጩ ሳተኝና አገጫቸውን ቆረጥኳቸው። አልተሰማቸውም።

እስከ ነገ ይቆዩልኝ። መንገዱም አይዘጋ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ረፋዱ ላይ ሁለት ጊዜ ትንፋሻቸው የቆመ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከደጅ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

እማማ የሺን አቶ ሞላ ደግፎ አስገባቸው። አልተሳሳምንም። አባባ ሊነሡ ሞከሩ፤ ከትራሱ ከፍ ማለት አቃታቸው። እማማ የሺ በርጩማውን ራሳቸው ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እኛን "ውጡ" አሉን።

ወጣን። አቶ ሞላና እኔ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። መጀመሪያ የእማማ የሺ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ረጅም፣ ቁጣ ያለበት። ቃሉ አይለይም። ከዚያ የአባባ፣ አጭር። ከዚያ ምንም። ልገባ ስል አቶ ሞላ ክንዴን ያዘኝ። "ተያቸው" አለኝ።

በመጨረሻ "አንቺ ልጅ፣ ውሃ!" አሉ ከውስጥ።

ለእሳቸው መስሎኝ በብርጭቆ ይዤ ገባሁ። አባባ ፊታቸው በእንባ ርሷል። እማማ የሺ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው፣ የአባባን አንገት በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ወደ አፋቸው አስጠጉላቸው። ከእሑድ ወዲህ ጠብታ ያልወረደው ጉሮሮ ዋጠ። ደግሞ ዋጠ።

"በቀስታ" አሉ እማማ የሺ። "ማን ይቀማሃል።"

ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅሁም። ግን ስለ መሄድ አላነሡም፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተዋል። አልጋዬን ለእሳቸው ላነጥፍ ነው መሰለኝ።