አንድ ሚሊዮን አንድ

ውድ አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ፣

ስለ ጤናዎ የምጠይቅበት ደብዳቤ በሆነ ምንኛ በወደድሁ። አፈር ከለበሱ ሁለት ሳምንት ሆነዎ፤ እኔም ወደ ሞጣ፣ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ለሞተ ሰው መጻፍ እብደት ነው ይበሉኝ፤ መልሱን ሳልነግርዎ መቅረት ግን አልቻልሁም።

ዓይንዎ ከጠፋ ወዲህ ባሕረ ሐሳብ ሊማር የሚመጣ ተማሪ ቀረ። ዕድሜዎን ሙሉ ጾምና በዓል ሲያሰሉ ኖረው፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው እህል እንቢ አሉ። «ሥራ የሌለው ሰው ምን ሊሆን ይበላል?» ነበር ያሉኝ። ለፋሲካ ቢቸና መጥቼ አጠገብዎ ተቀመጥሁና «እንቆቅልሽ» አልሁ።

«ምን አውቅልሽ» አሉ፣ ሳይወዱ።

«አንድ ሚሊዮን አንድን ያለ ቀሪ የሚያካፍለው፣ ከአንድ በቀር ትንሹ ቁጥር ማን ነው?»

ያን ጊዜ ፊትዎን ወደ እኔ መለሱ። «አስኳላ ያስተማረሽ ይኸን ነው? ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ» ብለው በልብዎ ከሁለት ጀምረው ማካፈል ያዙ። ምሳ ሲቀርብ እጅዎን ታጠቡ። እህቴ አየሁሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አባዬ፣ ያን ቁጥር የመረጥሁት እንዲቆይልዎ ብዬ ነው። ቀላል ብሰጥዎ ቶሎ ይጨርሱና ወደ ግድግዳው ይዞሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ክረምቱን ያሻግርልኛል አልሁ።

ሰኔ ሲገባ ጎረቤታችን መንግስቴ በቅሎ እየነዳ ሞጣ መጣ። «መሪጌታ ታመዋል» አለኝ። «‹አቅቶኛል፤ አገር ሰጥቻታለሁ በላት። ቢቸናን ሰጥቻታለሁ። አገር የተቀበለ መልሱን ይናገራል፤ መጥታ ትንገረኝ› ብለዋል።»

በማግስቱ ተነሣሁ። መኪናው ጭቃ ላይ ቀረ፤ የቀረውን በእግሬ መጣሁ። ስደርስ ሠልስትዎ ነበር።

አየሁሽ ነገረችኝ። «ዘጠና ሰባት ደርሰው ነበር። ‹ሃያ ስምንት ተረፈኝ› አሉ። ‹ይኸ ቁጥር የሚያካፍለው የለም፤ እኔን ይጨርሰኛል እንጂ እኔ አልጨርሰውም› ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲያ አላሰሉም።»

መልሱ መቶ አንድ ነው፣ አባዬ። ሁለት እንቢ ካለ ዘጠና ስምንትም መቶም እንቢ ማለታቸው ነው፤ ሦስት እንቢ ካለም ዘጠና ዘጠኝ እንዲሁ። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ የሚሞክሩት እሱን ብቻ ነበር። መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ። ሰሌዳው ላይ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ምንም አይተርፍም።

ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ አልጸናሁም። እግዜርን ተቀይሜዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። አንዲት ቁጥር ቢጨምርልዎ ምን ይጎድልበት ነበር? አሁን ክፍል ገብቼ ማካፈል ማስተማር አቅቶኛል።

የሰጡኝን አገር ዞሬ አየሁት። ገበያው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እርስዎ የሚቀመጡበት መደብ ባዶውን ነው። መልሱን ሳልነግርዎ የተቀበልሁት አገር አይገባኝም፤ ቢገባኝስ ያለ እርስዎ ምን አደርገዋለሁ? ቢቸናን መልሼልዎታለሁ፣ አባዬ። ይውሰዷት።

ልጅዎ አስቻለች
ሞጣ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.