ስለ ተዘጋብን የክቦች ጨዋታ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ቀንዎ እንደ ንባብ ክፍላችን ጸጥ ያለ፣ የወንበርዎም እግሮች አራቱም እኩል መሬት የረገጡ እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ፣ አርባ አንድ ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ጡረታ የወጣሁ፣ በኮምፒውተር ክፍልዎ ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛው ወንበር ላይ የምቀመጥ ሽማግሌ ነኝ። ባያውቁኝ አልቀየምም፤ እኔም እርስዎን የማውቅዎ በፊርማዎ ብቻ ነው። ፊርማዎ ደግሞ ያምራል፤ ጅራቱ ብቻውን ለአንድ ሱሪ ቀበቶ ይበቃል።

ይህን ፊርማ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ባለፈው ሰኞ ቀትር ላይ፣ ሙጫው ገና ሳይደርቅ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ነው። «ለዕድሜ የማይመጥኑ፣ ሱስ የሚያስይዙና የተጠቃሚውን ጊዜ የሚያባክኑ ጨዋታዎች ከዛሬ ጀምሮ ተዘግተዋል» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ታላቅ አሳቢነትዎ ያለኝን ምስጋና ከዚህ በታች በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት ቢሮዎ ሲደርስ መንገድ ይጠፋዋል ሲሉ ሰምቻለሁና።

፩ኛ፦ ስለ ጊዜያችን ስለ ተጨነቁልን አመሰግናለሁ። ከመስኮቱ ሥር የምንቀመጠው ዘጠኝ ጡረተኞች ዕድሜያችን ሲደመር ከስድስት መቶ ሰባ ዓመት ያልፋል። የቀረችንን ቁራሽ ጊዜ እንዳናባክን መክረውናል፤ ለመቼ እንደምናስቀምጣት ግን ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ ቢያብራሩልን ደስ ይለናል፤ ቢቻል ቶሎ ይሁን፣ ከመካከላችን ሐኪሙ «ረጅም መጽሐፍ አይጀምሩ» ያለው ሰው አለ።

፪ኛ፦ «ሱስ» ስላሉት ነገር ክርክር የለኝም። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፤ እርስዎም ሳያዩት የዘጉት ይመስለኛልና አብረው ያንብቡ። ገጹን ሲከፍቱት መመዝገብ የለ፣ መጫን የለ፣ ስም ብቻ ይጠይቅዎታል። ስም ሲሰጡት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ክብ ሆነው ሰፊ ሜዳ ላይ ይጣላሉ። በሜዳው የተበተኑትን ነጠብጣቦች እየለቀሙ ይወፍራሉ፤ ከእርስዎ ያነሰውን ክብ ይውጣሉ፤ የሚበልጥዎ ይውጥዎታል። ሌላ ሕግ የለውም። የሚውጥዎ ደግሞ ማሽን እንዳይመስልዎ፤ በዚያችው ደቂቃ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ክፍል ውስጥ፣ እንደ እርስዎ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠ ሰው ነው። ሲወፍሩ ይዘገያሉ፤ ሲዘገዩ ይኮራሉ፤ ሲኮሩ ከስክሪኑ ጥግ ቤት የሚያህል ነገር ብቅ ይላል፤ በቃ፣ አለቀልዎ። ከዚያ መሐል ላይ አንዲት ቁልፍ ትመጣለች፤ «እንደገና» ትላለች።

ክቡር ሆይ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ «እንደገና» የሚል ቁልፍ ሌላ የት ተሰክቶ አገኛለሁ? «አንዴ ብቻ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል ጠዋቱ አልቆ ያገኘዋል። ሱስ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በእኛ ዕድሜ አዲስ ሱስ የያዘው ሰው ሊመረቅ እንጂ ሊወገዝ አይገባም።

፫ኛ፦ «ለዕድሜ የማይመጥን» ማለትዎም ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አልመጠነንም። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለቅነው በይሉኝታ ነው። እኔና ጡረተኛው መሬት ለኪ ሁለት ትልልቅ ክቦች ሆነን ጠባብ ቦታ ላይ ተገናኘንና፣ እኔ ከዚህ ወንበር «ኧረ እርስዎ ይለፉ!» ስል፣ እሱ ከዚያ ወንበር «በሞቴ፣ ታላቅ እያለ እኔ አልቀድምም!» ሲል፣ «ዱባ» የሚባል ማንነቱ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ሁለታችንንም በአንድ ጉርሻ ዋጠን። ከእኛው መካከል የቀድሞው አውቶቡስ ነጂ ደግሞ ጡረተኛዋን አዋላጅ በዋጠበት ቅጽበት ክቡን ሜዳ ላይ ትቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወንበሯ ድረስ ሄደና «ይቅር በዪኝ እቴ፣ አላየሁሽም ነበር» አላት። «ምን አላየሁሽም ትለኛለህ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፌርማታ ላይ ቆሜ እያየኸኝ ነድተህ ስታልፍ የኖርክ ሰውዬ!» አለችው። እነሱ ሲሟገቱ የእሱንም ክብ ሌላ በላው። ከዚያ በኋላ ዘጠኛችንም ተሰብስበን «ከስክሪኑ ውስጥ አንቱታ የለም» የሚል ደንብ አወጣን፤ ደንባችንን ያወጣነውም ደንቡ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሁሉ ጠይቀን ነው። እንዲህ ያለ አሠራር እንዳለ ለመጠቆም ያህል ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

በሙያዬ ስናገር፣ ልብስ አልመጥን ሲል ልብሱ ይተረተራል እንጂ ባለቤቱ አይቆረጥም።

፬ኛ፦ ስለ ጩኸታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። አዋላጇ ክቧን «በርቺ! ግፊ! ግፊ!» ስትል በንባብ ክፍሉ የነበሩት ሁሉ ደንግጠው መነሣታቸው፣ አንዱ ተማሪም ውኃ ሊያፈላ መሮጡ እውነት ነው። የሥራ ልማድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አፏን በመሐረብ ይዛ ትጫወታለች።

፭ኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ስልክ ስትደውልልኝ «አባባ እንደምን ዋሉ?»፣ «ደኅና»፣ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?»፣ «ወሰድኩ»፣ በቃ፣ ሁለታችንም ቃል ያልቅብናል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይን ለዓይን እየተያየች ቁም ነገር ተናግራ አታውቅም። ትምህርት ቤት መጣላቷን፣ ጥርሷ መነቃነቁን፣ እናቷ ስታለቅስ ማየቷን የነገረችኝ ሁሉ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተንበርክካ፣ የወደቀ ቁልፍ እየለቀመች ነበር። እጇ በሥራ ካልተያዘ አፏ አይፈታም።

ጨዋታውንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ፣ በመድኃኒት ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ለግማሽ ሰዓት ሜዳው ላይ ትመጣልኛለች። ከራሷ ክብ እየቆረሰች ታበላኛለች፤ ወፈር ስል ደግሞ ተመልሳ ትውጠኛለች፤ የማን ዘር እንደሆነች አልጠፋኝም። ጨዋታው መልእክት መጻፊያ የለውም። ያለችው ስም መጻፊያዋ ሳጥን ብቻ ናት፤ እሷም ከአሥራ አምስት ፊደል በላይ አትቀበልም፣ ስም ለመቀየርም አስቀድሞ መበላት ግድ ነው። ስለዚህ እኔና የልጅ ልጄ የምንነጋገረው እየሞትን ነው። «መድኃኒት ወሰድክ» ተብላ ትመጣለች፤ እኔ ሮጬ ራሴን አስበላና «ወስጃለሁ» ተብዬ እመለሳለሁ፤ እሷም ራሷን ታስበላና «ውሸታም አባባ» ተብላ ትመጣለች። በስልክ አንቱ የምትለኝ ልጅ ሜዳው ላይ «ሽሽ አባባ!» ትለኛለች። በሕይወቴ ብዙ የአክብሮት ቃል ሰምቻለሁ፤ የዚያችን «ሽሽ» ያህል ያከበረኝ ግን የለም።

ባለፈው ሰኞ «አባባ አንድ ነገር አለ» ተብላ መጣች።

ለመመለስ መሞት ነበረብኝ። ሌላ ቀን ስሸሽ የሚያሳድዱኝ ሁሉ በዚያን ሰዓት አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። ለካ ሰው ሞትን ሲፈልገው ይርቀዋል። በመጨረሻ መሬት ለኪውን «እባክህ ዋጠኝ» ብዬ ለመንኩት፤ «ምን አጠፋሁና?» እያለ ዋጠኝ። «ምንድን ነው ንገሪኝ» ብዬ ገባሁ። እሷም ወዲያው ሄዳ ራሷን ለአንድ ግዙፍ ክብ ሰጠች። ስሟን እስክትጽፍ ጠበቅኳት። በዚያች ደቂቃ ስክሪኔ ነጣና «ይህ ገጽ በኃላፊው ትእዛዝ ተዘግቷል» አለኝ። እርስዎን በክብነት ባላውቅዎም፣ ሜዳውን እንዳለ የዋጠ ተጫዋች እስከ ዛሬ አልገጠመኝምና ስለ ችሎታዎ አደንቅዎታለሁ።

በዚያው ቀን ደወልኩላት። «ምንም አይደለም አባባ፣ በስልክ አይሆንም፣ ሌላ ጊዜ» አለችኝ። ልታገባ ነው? ታማለች? ሥራዋን ልትለቅ ነው? ከሰኞ ጀምሮ ሦስቱን እያገላበጥኩ ነው። እርስዎ የዘጉት፣ ክቡር ኃላፊ፣ ጨዋታ አይደለም፤ አሥራ አምስት ፊደል ነው። እኔ የምፈልገውም ያችኑ ነው።

«ሌላ ቦታ ሄደው ይጫወቱ» የሚል አማካሪ ከአጠገብዎ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በአካባቢያችን ያለው ኮምፒውተር ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰርም የለው፤ ጉልበቴ እስከ ሁለተኛው ድረስ ብቻ ይታዘዘኛል። ስልኬ ደግሞ ቁልፍ ያለው ነው፤ ከመደወልና ከመውደቅ በቀር ሌላ ችሎታ የለውም።

አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ፤ ልመና ያልኩት ለወጉ ያህል ነው። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ ያሰቀሉት፣ እርስዎ ደግሞ የእሳት ማጥፊያውን ያስደገፉበት አንድ ሰሌዳ አለ። መሬት ለኪው ሥራው ነውና የኮሪደሩን ርዝመት ሲለካ ማጥፊያውን ገፋ አድርጎ አነበበው። በተራ ቁጥር ሰባት፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ለኃላፊው አቤቱታ ለመጻፍ ኮምፒውተር ያለ ሰዓት ገደብ ሊጠቀም እንደሚችል፣ ኃላፊውም ለእያንዳንዱ አቤቱታ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ፣ በራሳቸው እጅ ጽፈው መልስ እንደሚሰጡ ተደንግጓል። ደንቡ እንዳልተሻረ ከጸሐፊዎ አረጋግጠናል፤ ምስኪኗ ስትነግረን ሳቋን ልትይዝ ሞክራ ነበር።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ዘጠኛችን በየቀኑ አንዳንድ አቤቱታ እንጽፋለን። አውቶቡስ ነጂው የግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን፣ አዋላጇ የሦስተኛው ወንበር ሲጢጥ ማለቱን፣ መሬት ለኪው ኮሪደሩ በፕላኑ ላይ ከተጻፈው በአራት ጣት ማጠሩን ይዘዋል። እኔ መጋረጃውን ይዣለሁ፤ ስለ መጋረጃው ስፌት ብቻ የሁለት ወር ጽሑፍ አለኝ። በቀን ዘጠኝ፣ በሳምንት አርባ አምስት መልስ ነው፤ በዚያ ባለ ጅራት ፊርማ። የዚህ ሁሉ መዝጊያው አንድ ነው፤ በምሳ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ገጹን ይክፈቱልን፣ እኛም ብዕራችንን እናስቀምጣለን። አልከፍትም ካሉ ደግሞ እንኳን ደኅና መጡ፤ ሜዳው ላይ ገብተዋል፣ የሰናፍጭ ፍሬ ያህላሉ፣ እኛም ዘጠኝ ነን። ይሉኝታችንን ካራገፍን ቆይተናል።

ጊዜዎን ባባከነው በዚህ ደብዳቤ ሳላፍር፣ የእጅዎ ጣቶች ለመጪው ጽሕፈት እንዲበረቱልዎ፣ ቀለምዎም እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ሳይሆን ከአንገቴ ብቻ ዝቅ ብዬ (ወገቤ አይታጠፍም) እጅ እነሣለሁ፤

በሜዳው ላይ «ጥርስ የለሽ» በመባል የሚታወቀው፣
ከመስኮቱ ሥር የሁለተኛው ወንበር ባለቤት፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባያያዝኩት የዘጠኙ አመልካቾች ስም ዝርዝር ላይ አራተኛዋ እናትዎ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት የጡረታ ቅጽ ሊሞሉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እስከ ሰኞ ድረስ እኔን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ውጠውኛል። እንዳልነግርዎ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ «ስሜን አራተኛ ላይ አድርገው፣ ልጄ ዝርዝር ሲያነብ ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል» ብለዋል። የነገውን አቤቱታቸውን ምን ላይ እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ፤ «መልሱ በሦስት ቀን፣ በራሱ እጅ ተጽፎ ይመጣል አልከኝ አይደል?» «አዎ» አልኳቸው። «እንግዲያውስ ደስ ያለህን ጻፍልኝ» አሉኝ።