ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ኮርሳ እንዳይነካ ስለ መከልከሉ

ለክቡር አቶ መሳፍንት፣
የብስክሌት መደብር ባለቤትና የእሑድ ጠዋት የብስክሌት ክበብ የክብር ሰብሳቢ፣
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ አንዲት ቀይ ኮርሳ (የእሽቅድድም ብስክሌት) እንድትሸጥልኝ በድጋሚ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ባለፈው ክረምት አላስተኛ ያለዎት ጥርስዎም ጭምር ደህና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በሱቅዎ ውስጥ በሰልፍ የቆሙት ብስክሌቶች ግን ማንም ሳይነካቸው በሰላም መኖራቸውን በየማለዳው በመስታወቱ አሻግሬ ስለማይ፣ የእነርሱን ደህንነት አልጠይቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህንነቴንም ከሩቅ የሚያየኝ ሁሉ ይመሰክራል።

በልጅነቴ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ስለ ከረምሁ ፊደል መቁጠር እስከ ዛሬ አልተወኝም። እርስዎ ክቡር ነዎት። እኔ ደግሞ በግዕዙ ክቡድ ነኝ፣ ከባድ ማለት ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ሆና ሳለ፣ በሱቅዎ በር ላይ ግን ግድግዳ ሆና ስለ ቆመችብኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም የእኔ ክብደት በገበያ መካከል በግልጽ ስለ ተነገረ፣ ከእንግዲህ የምንደባበቀው ነገር ስላልቀረን ነው።

የማያውቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ ኪዳነ ማርያም እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ፣ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ወንበሬ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ እኔ ግን አልተለወጥሁም፣ ጨመርሁ እንጂ። ባለፈው መስከረም ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አይታ፣ ስኳሩ ገና አልገባም፣ ነገር ግን ደጅዎ ላይ ቆሟል፣ ቶሎ ብለው በሩን ይዝጉበት አለችኝ። እንግዲያው ልሩጥ ስላት ጉልበቶቼን ነካ ነካ አድርጋ ሳቀች። አልተቀየምኋትም፤ እኔም ሳስበው ስቄአለሁ። ሩጫው ይቅርብዎት፣ ሳይክል ይንዱ፣ ሸክሙን ሳይክሉ ይዞልዎት ጉልበትዎ ይሥራ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ ብላ ሸኘችኝ።

አባቴ በደብረ ኤልያስ የታወቁ አራሽ ነበሩ። ስኳር ቀኝ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ የገዛ በሬዎቻቸውን ሌላ ሰው ሲያርስባቸው እያዩ ኖሩ። ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያሉ ከተቀመጡበት ይጮኹ ነበር፤ ከእርሻው ድረስ ግን ድምፃቸው አይደርስም ነበር። ይህን አንቀጽ እንደ ሌሎቹ በጨዋታ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እፈራለሁ፣ አቶ መሳፍንት። ከወንበር ጋር ስኖር እግር እንዳለኝ ረስቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን አንድ በአንድ እያየሁ ነው ካልሲ የማደርገው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጥቅምት 22 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት ወደ መደብርዎ ስገባ ስላደረጉልኝ አቀባበል ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ ያውም ካሉት ሁሉ ጠንካራውን መርጠው። ኮርሳ ፈልጌ እንደ መጣሁ ስነግርዎ፣ ለልጅህ ነው? አሉኝ። ለራሴ ነው ስልዎ፣ ለራስህ ለማን? ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከእኔ ሌላ ራሴ የሚባል ሰው እንደሌለ በትሕትና አስረዳሁ። ከዚያ ቀይዋን አየኋት፤ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈውን፣ ጎማዋ የአውራ ጣቴን ያህል የቀጠነውን። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለች ኮርሳ የነበረው አንድ መምህር ነበረ፤ ሲያልፍ ድምፅ አልነበረውም፣ ነፋስ ብቻ። እጄን ገና ስዘረጋ እርስዎ በእኔና በእርሷ መካከል ዘለው የገቡበት ፍጥነት፣ ለዕድሜዎ በእውነት የሚያስቀና ነው።

2ኛ. ክብደቴን በግምት ስነግርዎ ስላላመኑኝ፣ ከጎንዎ ባለው በወይዘሮ ሥራነሽ እህል ቤት በጤፍ ሚዛን ላይ እንድወጣ ማድረግዎን እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁ። በዋጋ ሲከራከር የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ክርክሩን ትቶ ስለ ከበበኝ፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን በከተማችን ሰላም ወርዷል። ወይዘሮ ሥራነሽ ዕድሜ ልካቸውን እህል የመዘኑ ሴት ናቸውና በልማድ፣ «አንድ ኩንታል ከአሥራ ስድስት!» ብለው ጮኹ። ከኋላ የቆመ አንድ ገበሬ፣ ማኛ ነው ሰርገኛ? አለ። ጠጉሬን ደባብሼ፣ ነጩም ጥቁሩም አለበትና ሰርገኛ ነው ብዬ መለስሁለት። ካፖርቴን ሳላወልቅ ስለ ተመዘንሁ የጆንያው ይቀነስልኝ ብልም፣ እርስዎ በክፍልፋይ የሚደራደሩ ሰው አይደሉምና አልተሳካልኝም።

3ኛ. ከሚዛኑ ስንመለስ ያቀረቡልኝ አማራጭ ስላለ እርሱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሳሎን ውስጥ የሚቆም፣ ቀኑን ሙሉ ቢረግጡት የትም የማያደርስ፣ ጎማ የሌለው ሳይክል አሳዩኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ላገለገለ ሰው ይህ መሣሪያ እንግዳ አይደለም። እርሱን እምቢ ስል ደግሞ ብረቱ ብቻ የወይፈን ክብደት ያለው፣ ጎማው እንደ ትራክተር የሰፋ አንድ ጥቁር ሳይክል ጎትተው አመጡ፣ ይህ ይችልሃል ብለው። አይ አቶ መሳፍንት! የራሴ አልበቃ ብሎኝ የእርሱንም ክብደት ዳገት ላውጣለት? አስፋልት ላይ ቀላል ሳይክል የሚያስፈልገው ለቀላል ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?

በማግሥቱ ሰኞ በመስታወትዎ ላይ «ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ኮርሳ መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። (ቅዳሜና ሰኞ ማግሥት አይደሉም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እሑድ መደብሩ ዝግ ስለሆነ አልቈጠርሁትም።) ስሜን ስላልጻፉበት አመሰግናለሁ። መጻፍ ግን ይችሉ ነበር፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ አንብቦ ወዲያው ወደ እኔ ነው የዞረው።

4ኛ. ይህኛው ከባዱ ነው፣ ቃሉን ይቅር ይበሉኝና። ማስታወቂያው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ጽዋችን ነበር፤ ተራውም የእርስዎ። ሐኪሟን አስቤ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ፣ አንድ እንጀራ በልቼ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። ያኔ እርስዎ ድስቱን ይዘው ከፊቴ ገጭ አሉ። ኪዳኔ፣ በሞቴ! አሉኝ። ጠግቤአለሁ ስል፣ አፈር ስሆን! አሉ። ይቺን ብቻ ብለው ያጎረሱኝ ጉርሻ ለሁለት አጫጆች ምሳ ትሆን ነበር። እርሷን ሳልውጥ ሁለተኛዋን በባለቤትዎ ስም፣ ሦስተኛዋን በልጆችዎ ስም አስከተሉ፤ አራተኛዋን በማን ስም እንደ ሆነ አልሰማሁም፣ ጆሮዬም ሞልቶ ነበር። ቆጥሬአለሁ፤ በዚያች አንዲት ከሰዓት ለእኔ ሲሉ አራት ጊዜ ሞተዋል። በማዕድ ላይ አራት ጊዜ የሞቱልኝ ሰው፣ በሱቅዎ ግን አንዲት ጉንፋን እንኳ ልትይዝዎት አልፈቀዱም።

አብረን ጽዋ መጠጣት ከጀመርን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። በመጠነኛ ግምት፣ ከመቶ አሥራ ስድስቱ ኪሎ ቢያንስ ስምንቱ የእርስዎ በሞቴ ነው። የገዛ ሥራዎን ከደጅ እንዳይገባ ከልክለዋል ማለት ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ እንዲህ ያማረ ሥራ በቀይ ኮርሳ ላይ ተቀምጦ በከተማው ሲዞር ማየት ያኮራኝ ነበር።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የቀረው ግን ቅሬታ ሳይሆን የምሥራች ነው። ባለፈው ሳምንት ልቤ አላርፍ ቢል፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ጎሚስታው አብዱልቃኒ ሄድሁ፤ የከተማው ሳይክል ሁሉ ሲተነፍስ የሚያድነው እርሱ ነውና። ለመሆኑ መሳፍንት ይህን መቶ የሚባል ነገር ከየት አመጣው? አለኝ። ጎማው ላይ ተጽፏል ብሎ በጣቱ አሳይቶኛል አልሁት። አብዱልቃኒ አንድ አሮጌ የኮርሳ ጎማ ከጥግ አነሣ፣ ጎኑን በእጅጌው ጠረገና አፍንጫዬ ሥር አመጣልኝ። «ማክስ 100» ይላል፤ እርስዎ ያሳዩኝ ጽሑፍ ራሱ። ይህ እኮ የነፋስ ነው አለኝ። ጎማው ውስጥ የሚሞላው አየር ከዚህ ልክ እንዳያልፍ የተጻፈ እንጂ፣ ላዩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ጎማ ሠሪው አያውቀውም። ይህን ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ እኔ ስወጣም አልጨረሰም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አልፈርድብዎትም። እኔም በመዝገብ ቤቴ የመዝገብ ቁጥርን እንደ ደመወዝ አንብቤ አንድ ዘበኛ በደስታ ሊያብድ የደረሰበት ቀን ነበረ። ነገር ግን አንድ ሰው በጤፍ ሚዛን ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ምክንያቱ ነፋስ መሆኑን ሲሰማ ትንሽ ይከፋዋል። ከፋኝ፤ አልደብቅዎትም። አብዱልቃኒ እንዳስረዳኝ፣ የሚችለው የሰው ክብደት የሚገኘው ከሳይክሉ ጋር በሚመጣው ትንሽ ደብተር ላይ ነው። ያች ደብተር ከነላስቲኳ፣ ሳትከፈት፣ በመስኮትዎ ላይ ከቀይዋ ኮርሳ ጎን ተቀምጣ አይቻታለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው የሚከተለውን ነው። ደብተሯን አብረን እንክፈት። መቶ አሥራ ስድስት አይሆንም ካለች፣ እኔ የተጻፈ ነገር የማከብር ሰው ነኝና ባርኔጣዬን አንሥቼ እወጣለሁ፣ ከስቼም እመለሳለሁ። ይሆናል ካለች ግን ይሽጡልኝ። አብዱልቃኒ በመስታወትዎ አሻግሮ የኋላ ቸርኬዋን ሽቦዎች ቆጥሮ ሠላሳ ስድስት ናቸው፣ አይክዱህም ብሎኛል፤ ሽቦዎቹን ሊወጥርልኝ፣ ጎማዋንም አንድ ቁጥር ሰፋ ባለ ሊቀይርልኝ ቃል ገብቷል። ከእኔ የጠየቀው ነፋሷን በየሳምንቱ እንዳስሞላና ጉድጓድ ስደርስ ከመቀመጫዬ ብድግ እንድል፣ እንደ ጆንያ እንዳልዘረፈጥባት ብቻ ነው። እስከ ጨሞጋ ድልድይ ደርሼ መመለስ እፈልጋለሁ። ሌላ የምመኘው ነገር የለም፤ ከስድስቱ ወር ሁለቱ ሳልነዳ ሊያልቁብኝ ነው፣ የመጨረሻዎቹን ቀናትም በእርስዎ ማስታወቂያ ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍሁት።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ ከወዲሁ እጅ እየነሣሁ፣ ለሱቅዎ ገበያ፣ ለመስታወትዎ ንጽሕና፣ ለመነጽርዎም አዲስ መስታወት እመኛለሁ።

እስከ ዛሬ በሁለት እግሩ የቆመ አክባሪዎ፣
ኪዳነ ማርያም
ኅዳር 5 ቀን፣ ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሥራነሽ እህል ቤት፣ ከመዝገባቸው እንዲሰርዙኝ፤
ለጎሚስታው አብዱልቃኒ፣ ሳቁን እንዲጨርስ፤
ከመደብሩ ፊት ለፊት ላለው የመብራት ምሰሶ።

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሳይክል መሸጥ ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመትዎ ነው፤ የከተማው ሰው ግን መሪውን ይዘው ሲገፉ እንጂ ተቀምጠው ሲነዱ አይቶዎት አያውቅም። ክበቡ እሑድ እሑድ ሲወጣም እርስዎ በባጃጅ ነው የሚከተሉት። መንዳት እንደማይችሉ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም፣ ወደ ፊትም አልልም። ኮርሳዋ እጄ ከገባች ግን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይወጣ፣ በየቀኑ ላለማምድዎት ፈቃደኛ ነኝ። በዚህ ዕድሜ የሚማር ሰው መውደቁ አይቀርም፤ ሲወድቁ የሚያርፉበት ሰፋ ያለና ለስላሳ ነገር ያስፈልግዎታል። ለዚያ አይስጉ፣ እኔ አለሁልዎት።