ለእንዝሪ ሜዳ ሹም፣ ስለ ሐሙሷ አውሮፕላንና ስለ ዳጉሳዎ

ዳንግላ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ዓለምነው፣ ለእንዝሪ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠባቂና ለአጥቢያችን ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎ ብርድስ ተሻለዎ ወይ? እመቤቲቱ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘንድሮ ዓይን እስኪያታክት የተንጣለለው ዳጉሳዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋ ሥር መግባት ከጀመርሁ ሳምንት ከማለፉ በቀር አንዳች የጎደለኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በእጅዎ ማግባት ሲገባኝ፣ ዛሬ በሚካኤል ደጅ ቅዳሴ ሲወጣ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ ከእግርዎ ወድቄ እለምናለሁ። ድፍረትማ ቢኖረኝ ቢሮዎ ገብቼ በቃሌ እነግርዎ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ እናት ደግሞ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ቆየች። «ለአንድ ጥያቄ ብቻ» ተብሎ በደጅዎ የገባ ሰው ስንት ክረምት ቆይቶ እንደሚወጣ አገር የሚያውቀው ነውና፣ ዓርብ በቀጠሮዬ ገብቼ ባልወጣ እንኳ ለምን እንደገባሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ለሚሰማው እንግዳ ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ቢሻው አድማሴ እባላለሁ፤ በልጅነቴ ቁም ጽሕፈት ተምሬ፣ አሁን ከችሎቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለባላገር አቤቱታ እየጻፍሁ እኖራለሁ። ለሰው ስጽፍ ቀለም አንጠባጥቤ አላውቅም፤ ለራሴ ስጽፍ ግን ይኸው ወረቀቱን በቀለም ጠብታ አበላሸሁት፣ ይቅርታዎን። ሌላው የምታወቅበት ነገር ሐሙስ ሐሙስ አውሮፕላን ማየቴ ነው። ሜዳው ከተከፈተ አምስት ዓመት ሆነው፤ ለቅሶ ካልደረሰብኝ በቀር ከሜዳው ዳር ካለው ብሳና ዛፍ ሥር መቆሜን አንድ ሐሙስ አላጎደልሁም፤ ክረምት ሜዳው ሲዘጋ የምሆነውን አጣለሁ። ሰዉ «የአውሮፕላን እረኛ» ይለኛል፤ ይበለኝ። ከቆሰበር በኩል ከደመናው ሥር መጀመሪያ እንደ ንብ ትሰማለች፣ ቀጥሎ ድምጿ ይወፍራል፣ ከዚያ ሆዷ ይታያል፤ እግሯን ስትዘረጋ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሣሩን ነክታ ስትሮጥ ደግሞ እልል ማለት ያምረኛል፣ በወንድነቴ አፍሬ ነው የምተወው። የሚመጡልን ሁለት ዳኮታዎች ናቸው፤ አንዷን ዳልቻ፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ያለባትን ቦቃ ብዬ እንደ እርሻ በሬ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ጅራታቸው ላይ ያለውን የፈረንጅ ፊደል መምህር አየነው አስቆጥሮኛል። የመጡበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ጎማቸው መሬት የነካበትንና የቆሙበትን ቦታ በእርምጃ እየለካሁ በአንድ ደብተር እጽፋለሁ፤ ስማቸውን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር፣ የቁም ጽሕፈት መምህሮቼ እንዳስተማሩኝ። ጥፋቴ ይህ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፣ ደብተሬን ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ዘብዎ ነጋ ባለፈው ሰኞ ከብብቴ መንጭቆ ሲወስደው፣ ቀይ ቀለም ስላለበት የድግምት፣ የፈረንጅ ፊደል ስላለበት ደግሞ የስለላ መሆኑን ከእርስዎ ሰምቶ እንደመጣ ነገረኝ። ሌላው ሰው አንድ ወንጀል ለመሥራት ዕድሜውን ሲፈጅ፣ እኔ በአንዲት የተማሪ ደብተር ጠንቋይም ሰላይም ለመሆን መብቃቴ የእርስዎ ቸርነት ነው። አጋንንት የምጠራ ብሆን ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ነጋን ከመንገድ ማስቀረት ይሆን ነበር። ዓርብ በሦስት ሰዓት ከነዋሴ እንድቀርብ አዘዋል፤ እቀርባለሁ። እስካሁን ዋስ የሚሆነኝ ሰው አላገኘሁም፤ ለምኛቸው የነበሩት ሁሉ በድንገት አዝመራ ደርሶባቸዋል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ዳጉሳው ነው፤ ይህን ስጽፍ ይበልጥ እፈራለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላል የአገራችን ሰው። ክቡርነትዎ ሰማዩ እንደማይታረስ ቢያዩ ጊዜ ከሰማይ መውረጃውን አረሱት። አገራችን ድንበር የሚገፋበት አገር መሆኑን ማን ይክዳል? ወንድም በወንድሙ ላይ በዓመት አንድ ፈር ይገፋል፣ ተካሰው ይታረቃሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ይገፋል፤ እኔ ራሴ እንጀራ የምበላው ከዚህ ክስ አይደለም ወይ? ነገር ግን ጎረቤት ሲገፋ ይጮኻል፤ አውሮፕላን አፍ የላትም። ከላይ ለምትመጣው እንግዳ ወሰን መግፋት የጀመረ የመጀመሪያው አራሽ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መንፈሳዊነትዎ ነው። የሜዳውን ጫፍ የሚያሳዩት በኖራ የተነጩ ድንጋዮች ዛሬም እዚያው በቦታቸው ናቸው። የድንበር ድንጋይ የነቀለ የተረገመ ነው የሚለውን ቃል ፈርተው፣ አራሾችዎ ድንጋዮቹን በእጃቸው እንዳይነኩ አዘዙ፤ አራሾቹም ታዘዙ፤ በግራና በቀኝ ዞረው እያረሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ድንጋይ ስላልተነቀለ እርግማን የለም። እኔም ለነፍስዎ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከላይ የሚያይ አብራሪ ነጩን ድንጋይ አይቶ ሜዳው እስከዚያ ድረስ ነው ብሎ ያምናል፤ ጥቅምት ላይ ያለ ዳጉሳ ደግሞ እንኳን ከሰማይ፣ አጠገቡ ለቆመ የከተማ ሰውም ሣር ነው።

ያ የወሰዱት ደብተር እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ስለማውቀው ለሕዝቡ ልድገመው። ሜዳው ሲከፈት ሺህ አራት መቶ እርምጃ ነበር። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲቀነስለት፣ ሰኔ ላይ ሊዘጋ ሲል ሺህ ሁለት መቶ አርባ ደርሶ ነበር። በመጨረሻዋ ሐሙስ ዝናብ ባረጠበው ሣር ላይ ቦቃ ተንሸራትታ የቆመችው ሺህ ሁለት መቶ አሥረኛው እርምጃ ላይ ነው። የተረፋት ሠላሳ እርምጃ ነበር። ክረምቱን ሰው ሳያይ እርስዎ ሰማንያ ጨመሩ። ባለፈው ሰኞ ልለካ ወጣሁ፤ ፍርሃት ሲይዘኝ ቁጥር የሚመጣልኝ በእናቴ ቋንቋ ነውና ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ በአገውኛ እየቆጠርሁ ነበር። ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ላይ እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ። ዳጉሳው ውሃ እንዳይተኛበት ከሣሩና ከእርሻው መካከል ያስቆፈሩት ፈሰስ ውስጥ ነበር የገባሁት፤ ጥልቀቱ ጉልበቴን ያልፋል። ነጋ የያዘኝ ከዚያ ስወጣ ነው። በእርምጃ የሄደ ሰው ካልታየውና ከወደቀበት፣ እየሮጠች የምትመጣ ዳኮታ እንዴት እንደምትሆን ማሰብ አልፈልግም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚህ ሌላ ያሰብሁት ነገር የለም።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ስለ ባለቤቴ ነው፤ እዚህ ላይ ሥርዓቴ ቢጠፋብኝ ይቅር ይበሉኝ።

ደጊቱ አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት ትንፋሿን ስለዘጋባት ሰኔ ላይ በመጨረሻዋ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄዳ፣ በቀዶ ጥገና ወጣላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ፊት ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ቃል መናገር የሚያቅታት ሴት ዛሬ መዝሙር እንደምታወጣ አስጽፋ ልካልኛለች። ከደብዳቤዋ አንድ መስመር ልጻፍልዎ፤ «አምስት ዓመት ሙሉ ከታች ሆነህ አውሮፕላን አየህ፤ ሐሙስ ጥቅምት አሥራ አምስት ከብሳናው ሥር ቁምልኝ፣ እኔ ከላይ ሆኜ አይሃለሁ» ትላለች። ሜዳው ከክረምት ወዲህ የሚከፈትባት የመጀመሪያዋ ሐሙስ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ወረቀት በደረቴ ይዤ እዞር ነበር፤ አሁን ግን አጥፌ ከሣጥን ሥር ደብቄዋለሁ።

በመኪና ነይ፣ በአውሮፕላን እንዳትሳፈሪ ብዬ ወዲያው ጻፍሁላት፤ ደብዳቤው የሚደርሳት ግን ከሐሙስ በኋላ፣ ዓርብ ነው። ቴሌግራም ልላክ ብዬ ሄድሁ፤ የቴሌግራሙ ጸሐፊ ሰው እያየው ሊያናግረኝ እንኳ ፈርቶ፣ በስለላ የተጠረጠረ ሰው ሽቦ እንዳይነካ እርስዎ ማዘዝዎን በሹክሹክታ ነገረኝ። አይ ጥንቃቄዎ! ለመንግሥት ደኅንነት እንዲህ ዓይንዎን ነቅለው ሲጠብቁ፣ በዳጉሳው በኩል የሚመጣውን ማየት ቢያቅትዎ አይፈረድብዎትም።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ስለ ከብቶችዎና ስለ አጥሩ ሽቦ። ትቼዋለሁ። የጻፍሁትን መልሼ ሳነበው ፌዝ ይመስላል፤ ክቡር ሆይ፣ እኔ እያፌዝሁ አይደለሁም፣ እየፈራሁ ነው። እርስዎን እፈራለሁ። ነጋን እፈራለሁ። ያንን ፈሰስ ግን ከሁለታችሁም አብልጬ እፈራዋለሁ። አውሮፕላኗ ውስጥ የእኔ ሚስት ብቻ አይደለችም፤ የሰው ልጅ፣ የሰው እናት አለ፤ አብራሪውም ቢሆን የሚጠብቀው ቤት ይኖረዋል።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ዳጉሳዎን ይጨዱልኝ አላልሁም፤ ደብተሬንም ያቆዩት። ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በስልክ «ሜዳው ደህና ነው ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁዎ፣ እርስዎም «ደህና ነው» እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን። የፊታችን ረቡዕ «ደህና አይደለም» ይበሉልኝ። ለምን ቢሉዎ ጭቃ ነው ይበሉ፤ ዝናቡን ያመካኙ፣ እኔንም ያመካኙ፤ አንድ ጠንቋይ ሜዳው ላይ ድግምት ደግሞበታል ይበሏቸው፣ ዓርብ ቀርቤ አዎ ብዬ እፈርማለሁ። በእውነት እፈርማለሁ፤ የፈለጉትን ጽፈው ይጠብቁኝ።

ይህንን ባይሉልኝ ግን ሐሙስ ከብሳናው ሥር አልቆምም። የደጊቱን ቀይ የዝናብ ልብስ ይዤ ከፈሰሱ አፋፍ እቆማለሁ፤ አውሮፕላኗ ዝቅ ስትል እስክታየኝና እስክትመለስ ድረስ አውለበልባለሁ። ሰላይ ነው ለሚለው ክስዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም፤ ለአውሮፕላን ምልክት ሲሰጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየው ተያዘ ይባልልዎታል። ካላየችኝም ከፈሰሱ በፊት የምታገኘው እኔን ነው፤ ያን ጊዜ ዓርብ መቅረብ ስለማይሆንልኝ ቀጠሮውን በማፍረሴ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሹመትዎን ዕድሜ እንደ ዘንገና ውሃ ጥልቅ፣ አዝመራዎን ውርጭና ተምች የማይነካው ያድርግልዎ እያልሁ፣ ስምዎን በሰማሁ ጊዜ ከመቀመጫዬ የምነሣ፣ ጥላዎን ባየሁ ጊዜ መንገድ የምለቅ፣ በፍርሃት ብዛት ፊርማዬ እንኳ የእኔ የማይመስል ታናሽ አገልጋይዎ፤

ቢሻው አድማሴ
አቤቱታ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለደብሩ አለቃ፤
ለመምህር አየነው፤
ለተሰበሰበው ምእመን በሙሉ።

የተረሳ ቃል፦ ይህን ጽፌ ልነሣ ስል ነጋዴው ደርበው በደስታ እየሳቀ መጣ። ለካ ሐሙስ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ለመሳፈር እርስዎም መስከረም ላይ ተመዝግበው ኖሯል፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን «ጆሮዬን ያመኛል፣ በጭነት መኪና እሄዳለሁ» ብለው ወንበርዎን ለደርበው ለቀቁለት። ደርበው ሲመርቅዎ ዋለ፤ እኔም ጆሮዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ ብያለሁ። ነጋ ደብተሬን ያመጣልዎ ሰኞ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳይከፍቱት ጥለውታል ብዬ በከንቱ አምቼዎት ነበር፤ ለካስ በአንድ ቀን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበውታል።